ኤምኦኤ ወይስ ሚል? ለኢላማ ተኩስ የስኮፕ ማስተካከያ እንዴት ይመረጣል

ኮምቦልቻ የሚኖር ወዳጄ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር) ሊገዛ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነበር። እኔ ግን የማነጣጠሪያ ነጥቡን የሚያንቀሳቅሰው ማዞሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዲያነብልኝ ነገርኩት፤ መለኪያው ኤምኦኤ ወይም ሚል መሆኑን የሚነግረን እሱ ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች የማዕዘን ናቸው። ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ስለሆነ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚል ደግሞ የርቀቱ ሺህኛ ነው፤ በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር። ማዞሪያው አንዴ ቀጭ ባለ ቁጥር 1/4 ኤምኦኤ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 0.1 ሚል 1 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። በሜትር ለምናስብ ሰዎች የሚል ሒሳብ ይቀላል።

ቀጥሎ የተኩሱን ዓይነት ይለዩ። በኦሎምፒክ የ10 እና የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድሮች ስኮፕ ስለማይፈቀድ ለዚያ ብለው ገንዘብ አያውጡ። እንደ ቤንችሬስትና ኤፍ-ክላስ (ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አስደግፈው የሚተኩሱባቸው ውድድሮች) ርቀቱ ታውቆ ወረቀት ላይ ለሚተኮስ ግን 1/8 ኤምኦኤ እመርጣለሁ፤ እርምጃው በ100 ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ርቀቱ በየደቂቃው ለሚቀያየርበት ውድድር ሚል ይሻላል። «2.3 ስጥ» (2.3 ሚል አዙር ለማለት) ብሎ ለጓደኛ መንገር ይቀላል።

ከሁሉ በላይ ማዞሪያውና በመስተዋቱ ውስጥ ያሉት መስመሮች በአንድ መለኪያ ይሁኑ። የእኔ የመጀመሪያ ስኮፕ መስመሩ በሚል፣ ማዞሪያው በኤምኦኤ ነበር። ያየሁትን ስህተት ሁሉ በ3.44 እያባዛሁ ብዙ ጥይት አባከንኩ።

ከገዙ በኋላ ይፈትሹት፤ ጥይት አያስፈልግም። የጠመንጃው ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በእጅዎ ይሁን፤ ባዶ መሆኑንም ሁለቴ ያረጋግጡ። ካርቶን ላይ የግንበኛ ቱንቢ አንጠልጥለው ልክ 1 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ካርቶኑን በትክክል በተለካ 100 ሜትር ላይ ያቁሙ። ጠመንጃውን እንዳይነቃነቅ አጥብቀው ይሰሩና የስኮፑን መስቀል ከላይኛው ጫፍ ጋር ያገናኙ። 10 ሚል ወደ ላይ ሲያዞሩ መስቀሉ ታችኛው ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። በኤምኦኤ ከሆነ 30 ሲያዞሩ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። መልሰው ሲያዞሩ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ስኮፑን ለሻጩ ይመልሱ።

ኮምቦልቻ ላይ ያስተካከሉትን ስኮፕ በሐረጎ ዳገት ደሴ ሲያወጡት ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ አየሩም ይሳሳል። በ100 ሜትር ልዩነቱ አይታይም። በ600 ሜትር ግን ጥይቱ ከለመዱት ከፍ ብሎ ስለሚመታ፣ ለየከተማው የተለያየ የማስተካከያ ሰንጠረዥ ይያዙ።