ኮራል ደሴት ላይ ለመዋኘት፦ መቼ እንደሚገቡና ምን እንደሚይዙ

ከልብስም ከመነጽርም በፊት የባሕሩን ሰዓት ይወቁ። በብዙ ቦታ ውሃው ከሞላ በኋላ ጎድሎ እስኪጨርስ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሚሞላበት ሰዓትም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። የዕለቱን ሰንጠረዥ ይመልከቱ ወይም ጀልባ ነጂዎቹን ይጠይቁ። ለመግባት የሚመረጠው ሊሞላ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው፤ መጉደል ሲጀምር ይውጡ።

ሲጎድል የቆየ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው፣ ኮራሉ ላይ ያለው ውሃ እየሳሳ ሄዶ ሆድና ጉልበት መፋቅ ይጀምራል። ያኔ ሰው ደንግጦ ይቆማል፣ የቆመበትም ይሰበራል። ድንጋይ የሚመስለው ኮራል እኮ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው! ድቡልቡል ሆነው የሚያድጉት ዝርያዎች በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጨምሩ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ማዕበል በሪፉ (ኮራሉ ተያይዞ በሠራው የባሕር ውስጥ ግንብ) ላይ አሻግሮ ያስገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በሪፉ መሐል ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ነው፤ ሲጎድል ደግሞ ጉልበቱ ይጨምራል። ክፍተቱ ከዳር ሲታይ ማዕበል የማይሰበርበት ጠቆር ያለ መስመር ነው። የረጋ ስለሚመስል ብዙ ሰው ለመግቢያ የሚመርጠው እሱን ነው። ከወሰደዎት ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ወደ ጎን ይዋኙ። ካልቻሉ በጀርባዎ ተንሳፈው እጅዎን ያውለብልቡ።

ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ ሲዋኙ ፀሐይ የሚያርፈው ጀርባ፣ ማጅራትና ከጉልበት በስተኋላ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ሸሚዝ ከማንኛውም ክሬም ይሻላል፤ አይታጠብም፣ ባሕሩንም አይበክልም። ለቀረው ገላ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ ኤስፒኤፉ (የፀሐይ መከላከያ መጠኑ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይቀቡ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች ያሉባቸውን ክሬሞች ይተዉ፤ ሃዋይ ለኮራሉ ሲባል ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች።

አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን የመዋኛ መነጽር ከመግዛትዎ ወይም ከመከራየትዎ በፊት ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ያድርጉና በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ። እጅዎን ሲለቁ ካልወደቀ ልክዎ ነው። አንዲት ዘለላ ፀጉር ከጠርዙ ስር ከገባች ውሃ ያስገባል። እንዳይደበዝዝ በውስጥ በኩል ምራቅ ቀብተው በስሱ ያለቅልቁት።

ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ያድርጉ፤ ግን ለአሸዋው እንጂ ኮራል ለመርገጥ አይደለም። አሸዋው ላይ እግርዎን ሳያነሱ እየጎተቱ ይራመዱ፤ የተቀበረ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ካለ ንዝረቱ ያስነሳዋል። ስቶንፊሽ የተባለው መርዘኛ እሾህ ያለው ዓሣ ግን ከድንጋይ አይለይም፣ አይሸሽምም። ከወጋ፣ እግሩን ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩና በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂዱ። የተወጋው እግር ሙቀቱን በትክክል ስለማይለይ ውሃውን በጤነኛው እግር ይለኩ። ኮራል የቧጨረው ቁስል ትንሽ ቢመስልም ስብርባሪው ውስጥ ከቀረ ያመረቅዛል፤ በንጹሕ ውሃና በሳሙና፣ ቢያምም በደንብ እያሹ ይጠቡት።

ዛጎል ከውሃ ውስጥ አያንሱ። ኮን የሚባለው፣ ጌጠኛ ሾጣጣ ዛጎል ባዶ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ ግን መርዘኛ ነው፣ ንድፊያው ሰው ሊገድል ይችላል። የሞተ ኮራልም ከዳር ለቅመው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ ዝውውሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስለሚደረግበት ጉምሩክ ላይ ሊያስይዝዎት ይችላል።