ኢኤስአርና ሲአርፒ ለሩማቲክ የልብ ሕሙማን፦ ደም ከመቅዳት እስከ ውጤት ማንበብ

ሩማቲክ ትኩሳት (ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያስቆጣ በሽታ) የተጠረጠረበት ልጅ ወይም የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ኢኤስአር፣ ሲአርፒ እና ኤኤስኦ ብዙ ጊዜ በአንድ ወረቀት ይታዘዛሉ። አንድ ላይ ስለሚታዘዙ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካው ኢኤስአርና በደም ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን የሚለካው ሲአርፒ፣ ሰውነት ውስጥ አሁን ብግነት መኖሩን ያሳያሉ። ኤኤስኦ የሚያሳየው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ከሳምንታት በፊት አልፎ እንደነበር ነው። ቫልቩ መጥበቡን ወይም ማፍሰሱን የሚናገር ከሦስቱ አንድም የለም፤ ለእሱ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኤኤስኦ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻውን ይዞ «ልቤን ታምሜያለሁ» ብሎ ለሚመጣ ሰው መልሱ «ገና አልታወቀም» ነው። ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ጉሮሯቸው ደጋግሞ ስለሚታመም ምንም ሳይሆኑ ኤኤስኦአቸው ከ200 በላይ ሊገኝ ይችላል።

ደሙ መቼ ይቀዳ?

አስፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት። እነዚህ ብግነቱን ስለሚያበርዱ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል፤ ከሦስት ቀን በኋላ የሚቀዳ ደም የበሽታውን ሳይሆን የመድኃኒቱን ውጤት ያሳያል። ዲክሎፍናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻም ያሳስታል፦ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን የሚዘዋወረውን ሕመም ገና ሳይዘዋወር ስለሚያቆመው ዋናው ምልክት ይጠፋል። ምርመራው እስኪያልቅ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ከመድኃኒት ቤት ምን እንደተገዛ ይጠይቁና የምርመራ መጠየቂያው ላይ ይጻፉት። ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፤ ጾመኛም ቢሆን፣ በልቶም ቢመጣ ውጤቱ አይለወጥም።

ኢኤስአር

መብራት የማይፈልግ፣ ርካሽ ምርመራ ነው፤ ለዚህም ይመስላል ብዙዎች የሚንቁት። በዌስተርግሬን ዘዴ ቱቦው 300 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ምልክቱም ከ0 እስከ 200 ነው። 1.6 ሚሊሊትር ደም ከ0.4 ሚሊሊትር የ3.8 ከመቶ ሶዲየም ሲትሬት ጋር ይቀላቀላል፤ ማለትም 4 ለ 1። ጥቁር ክዳን ያለው ቲዩብ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ሰማያዊው 9 ለ 1 ስለሆነ ለደም መርጋት ምርመራ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ጥቁሩ ሲያልቅ በሰማያዊው መተካት የተለመደ ስህተት ነው። ጥቁሩም ቢሆን እስከ ምልክቱ ካልሞላ ሲትሬቱ ይበዛና ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወርዳል።

ቲዩቡን ሳይንጡ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብለው ይገልብጡት። የረጋ ደም ካዩ ይጣልና እንደገና ይቀዳ። በመሳቢያ ላስቲክ እስከ 0 ይሙሉ፤ በአፍ መሳብ ክልክል ነው። አረፋ ካለበትም ድጋሚ ይሞላ። ከዚያ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይቁም። ሦስት ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ቀይ የደም ሴሎቹ በጎኑ ተንሸራተው ስለሚወርዱ ቁጥሩ እስከ 30 ከመቶ ሊጨምር ይችላል። ማቆሚያው መዛመሙን ለማወቅ የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል፤ ክር ላይ ድንጋይ አስሮ ከቱቦው አጠገብ ማንጠልጠል ነው። ሴንትሪፊዩጅ በሚነዝርበት ጠረጴዛ ላይና ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር አይቀመጥም።

ሴሎቹ ከ0 ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ በ60ኛው ደቂቃ ይነበባል። ስልክ ላይ ማንቂያ ይሙሉ። በ30 ደቂቃ አንብቦ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ ሴሎቹ በመጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ሲጠራቀሙ ፈጥነው፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት።

የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በጎጃም ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት ከተሞችም ብርዳም ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ተቃራኒው ይሆናል። ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ይሰቀል። ጠዋት የተቀዳ ደም በክፍል ሙቀት ከተቀዳ በኋላ እስከ 4 ሰዓታት ያህል መቆየት ስለሚችል ክፍሉ ሲሞቅ መሥራት ይቻላል።

ደም ማነስ ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋል፣ እርግዝናም እንዲሁ። የመንጠቆ ትል ባለበት አካባቢ ሄሞግሎቢን ሳይለካ ኢኤስአር ብቻውን ቢነበብ ብዙ ልጅ በሐሰት ይጠረጠራል፤ ሁለቱ አብረው ይታዘዙ። በተቃራኒው ደግሞ በከባድ የልብ ድካም ጉበት ደም ሲቋጥር ሴሎቹን የሚያጣብቀው ፋይብሪኖጅን የተባለ የደም ፕሮቲን ስለሚያንስ ኢኤስአሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ ቆርጦ የመጣ ሕፃን ኢኤስአሩ 10 ቢሆን ይህ ብግነት እንደሌለበት ማረጋገጫ አይሆንም።

ሲአርፒ

ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ብግነት ሲነሳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ ምክንያቱ ሲቆም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ደም ማነስ አይነካውም። ኢኤስአር ለመውረድ ሳምንታት ስለሚፈጅበት «ዛሬ እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሲአርፒ ይሻላል።

ጤና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ያላቸው የላቴክስ ስላይድ ነው፤ ሲአርፒ ሲኖር የሚጓጉሉ ጥቃቅን የላቴክስ ቅንጣቶች ያሉበት ምርመራ ነው። ሪኤጀንቱ (የላቴክስ ፈሳሹ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ወይም ከበረዶው ክፍል ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከቀዘቀዘ ቅንጣቶቹ በራሳቸው ይጓጉላሉ፤ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ (ሲአርፒ እንደሌለው የታወቀው ማነጻጸሪያ) ራሱ ሲጓጉል ካዩ ጠርሙሱን ይጣሉት። ከመጠቀም በፊት ወደ ክፍል ሙቀት ይምጣና በቀስታ ይናወጥ። 50 ማይክሮሊትር ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለይ ፈሳሽ) ላይ አንድ ጠብታ ላቴክስ ይጨመራል፤ በመቀላቀያ እንጨት ክቡን እስኪሞላ ይዘረጋል፤ ለ2 ደቂቃ እየተሽከረከረ ወዲያው ይነበባል። ከ2 ደቂቃ ካለፈ ጠርዙ እየደረቀ የተጓጎለ ያስመስለዋል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኮንትሮል በየዕለቱ አብረው ይሠሩ።

አብዛኛው ኪት ሳይቀጠን ፖዘቲቭ የሚሆነው ከ6 ሚሊግራም በሊትር ጀምሮ ነው። ለሩማቲክ ትኩሳት የሚፈለገው ግን 30 ነው። ስለዚህ «ሲአርፒ ፖዘቲቭ» ብሎ ወረቀት መመለስ ለሐኪሙ ምንም አይጠቅመውም። ሴረሙ በ0.9 ከመቶ ሳላይን 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8፣ 1 ለ 16 ይቀጠንና መጨረሻ የተጓጎለበት በ6 ይባዛል፦ 12፣ 24፣ 48፣ 96። በ1 ለ 8 ከተጓጎለ 30ን በእርግጥ አልፏል። በ1 ለ 4 ቆሞ በ1 ለ 8 ካልታየ ትክክለኛው ቁጥር ከ24 እስከ 48 መካከል ስለሆነ ኢኤስአሩ ይወስነው፣ ወይም ሴረሙ መሣሪያ ወዳለበት ይላክ። በጣም ከፍ ያለ ሲአርፒ ደግሞ ሳይቀጠን ኔጌቲቭ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ታማሚው በግልጽ እየነደደ ስላይዱ ዝም ካለ አቅጥነው ይድገሙት።

መላክ ካስፈለገ ኢኤስአሩ እዚያው ይሠራ፤ በመንገድ የዋለ ደም አይሆንም። ለሲአርፒ ሴረሙ ከሴሎቹ ተለይቶ በበረዶ ሳጥን ይሂድ። በማቀዝቀዣ ሙቀት ለሳምንት ያህል ይቆያል። ልኬቱን ደግሞ ያስተውሉ፦ አንዱ መሣሪያ ሚሊግራም በሊትር፣ ሌላው ሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል። 3 በዴሲሊትር ማለት 30 በሊትር ነው። ይህን ያላየ ሰው አሥር እጥፍ ይሳሳታል።

ቁጥሩን መቁጠር

በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሻሻለው፣ ሩማቲክ ትኩሳትን ለመለየት ዋናና ንዑስ ምልክቶችን የሚቆጥረው የጆንስ መስፈርት በሽታው ለሚበዛበት ሕዝብ ኢኤስአር 30 እና ከዚያ በላይ ወይም ሲአርፒ 30 ሚሊግራም በሊትር እና ከዚያ በላይ እንደ አንድ ንዑስ ምልክት ይቆጥራል። የኢኤስአር 60 ገደብ የተቀመጠው በሽታው እምብዛም ለማይታይባቸው አገሮች ነው። ሁለቱም ከፍ ቢሉ የሚቆጠሩት አንድ ሆነው ነው፤ ሁለት አድርጎ መቁጠር ጤናማውን ልጅ በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ያስፈርድበታል። ልጁ ያለ ፈቃዱ እጁና ፊቱ የሚወራጭ ከሆነ ግን ይህ ምልክት ከጉሮሮ ሕመሙ ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ ሦስቱም ምርመራዎች ደህና ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ወደ ኢኮ ይላካል። ከዚህ ውጭ ኢኤስአርም ሲአርፒም ደህና ከሆኑ ሌላ በሽታ ይፈለግ።

ከፍ ሲልም ሌላ ምክንያት መፈለግ አይቀርም። ወባ ሲአርፒን በኃይል ያስነሳል። ተስቦና ግርሻም እንዲሁ። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቀን ሥራ የተመለሰ ሰው ጣፊያው ካበጠ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይታሰብ። በጎጃም ደጋ ያለው የእግር ዝሆኔ ሲቆጣ እግሩ ቀልቶ ይሞቃል፤ ቁጥሩም አብሮ ይነሳል።

ቫልቩ የተጎዳ ሰው ሲያተኩሰው

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኖሮ ኖሮ የደነደነ ቫልቭ ሲአርፒን ከፍ ላያደርግ ይችላል። የልብ ድካም ብቻውን ትንሽ ያነሳዋል። ስለዚህ በትኩሳት ላይ ሲአርፒው በጣም ከፍ ካለ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ ሩማቲክ ትኩሳቱ አገርሽቶ ይሆናል፣ ወይም ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሰፍሯል። ሁለቱን ሲአርፒ አይለያቸውም። የወባ ምርመራ ይሠራ፤ ሽንት ውስጥ ደም ይታይ፤ የመርፌ ካርዱ ይነበብ። አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ከተለያየ ሥር ሦስት ጊዜ ደም ለከልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) ይወሰድ፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ፤ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊሊትር ይሁን። ከልቸር በሌለበት «ለጊዜው» ተብሎ የሚወጋ አንድ የሴፍትሪያክሶን አንቲባዮቲክ በኋላ የሚሠራውን ከልቸር ባዶ ሊያደርገው ይችላል፤ የታማሚው ሁኔታ የሚፈቅድ ከሆነ ሳይወጋ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ። በጣም የደከመ፣ ግፊቱ የወረደ ከሆነ ግን መዘግየት ይገድላል፤ ደሙ እዚያው ተቀድቶ ሕክምናው ይጀመር።

ክትትል

ሕክምና ሲጀመር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየአንድና ሁለት ሳምንቱ፣ ደህና እስኪሆን ይለካ። አስፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሲቀነስ ቁጥሩ ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ካቆሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይደገም። ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ይሁን።

ሲአርፒው ደህና ሲሆን ቤተሰብ «ደሙ ጸዳ» ብሎ ቤንዛቲን ፔኒሲሊኑን ያቆማል። መርፌው የሚሰጠው አሁን ላለው ብግነት አይደለም፤ ለሚቀጥለው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሲአርፒ ደግሞ ስለ እሱ ምንም አያውቅም። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመቱ፣ ከሁለቱ የረዘመውን፣ ይወጋል፤ መጠኑ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን፣ ከዚያ በታች 600 ሺህ ዩኒት ነው። ቫልቩ በጣም የተጎዳና ልቡ የደከመ ከሆነ በመርፌ ፋንታ ኪኒን ይሻል እንደሆነ የልብ ሐኪሙ ይወስን። ቀጠሮው 28 ቀን ነው፤ «በወር በወሩ» ከተባለ ግን 30 ይሆናል፣ ጳጉሜን ሲገባበት ደግሞ ይባስ፦ ነሐሴ 10 የተወጋ ልጅ መስከረም 10 ቢመጣ 35 ቀን አልፎታል፤ መምጣት የነበረበት መስከረም 3 ነበር። ለቤተሰቡ የሚቀለው በገበያ ቀን መቁጠር ነው። ማክሰኞ ገበያ የተወጋ፣ የተወጋበትን ሳይቆጥር፣ በአራተኛው ማክሰኞ ይመለሳል።