የበሬ ሥጋ የሚያበስሉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች፦ ከሒሳቡ እስከ ድስቱ

ለብዙ ዓመታት በትልልቅ ወጥ ቤቶች ውስጥ ሥጋ ሳበስልና ጀማሪዎችን ሳለማምድ ኖሬአለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ሙያው የሚመጡት ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ አብዝተው የሚጨነቁ ሆነዋል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። የሚያናድደኝ ጭንቀታቸው ብዙውን ጊዜ ያለ ቦታው ማረፉ ነው። ምድጃውን ቶሎ ለማጥፋት ይጣደፋሉ፣ ሥጋው ከየት ድረስ ተጭኖ እንደመጣ ይጠይቃሉ፣ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ይረግማሉ፤ ከዚያም ያንኑ ሥጋ በችኮላ አበላሽተው ይደፉታል።

ስለዚህ በቅድሚያ መታረም ያለበት የሒሳብ ስህተት ነው። ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት፣ ከ38,000 በላይ እርሻዎችን መረጃ ባሰባሰበው ጥናት መሠረት፣ ለሥጋ ተብለው ከሚረቡ ከብቶች የሚገኝ አንድ ኪሎ ሥጋ በአማካይ 100 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ሙቀት አማቂ ጋዝ አስከትሎ ይመጣል። አማካዩን ወደ ላይ የሚጎትቱት እጅግ በካይ የሆኑ እርሻዎች ናቸው፤ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ያለውም ልዩነት ሰፊ ነው። ነገር ግን በየትኛውም ስሌት ቢሆን የዚህ ጋዝ አብዛኛው እጅ የሚለቀቀው ከብቱ በሕይወት ሳለ ነው፦ ለግጦሽና ለመኖ ሲባል ከሚመነጠረው ደን፣ ከከብቱ ሆድ ከሚወጣው ሚቴን፣ ከእበትና ከማዳበሪያ ከሚነሣው ናይትረስ ኦክሳይድ። የማጓጓዣው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሥጋው መክተፊያው ላይ ሲያርፍ ዕዳው አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ለአብሳዩ የቀረለት ውሳኔ ምን ያህል መግዛትና የገዛውን እንዴት ሳያባክን ማብላት እንዳለበት ነው።

በሳቅ የማልፈው አንድ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ሚቴኑ በከብቱ ጅራት በኩል የሚወጣ ይመስለዋል፤ የሚወጣው በአመዛኙ በአፉ በኩል ነው። ከብት ሣሩን ሊጠቀምበት የቻለው በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚያብላሉለት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በማብላላቱ ሂደት የሚፈጠረውን ሃይድሮጂን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ይሠራሉ፤ ከብቱም ያገሳዋል።

በቁጥር የሚከራከሩ ሰዎች ደግሞ የዘመን ስህተት ይሠራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት በሰው ሥራ ከሚለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የእንስሳት እርባታን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2006 18 በመቶ፣ በ2013 14.5 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ ወደ 12 በመቶ ገደማ አድርጎ አስልቶታል። አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው የመጨረሻውን ይዞ ሲሟገት ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር የያዙ መስሏቸው ይለያያሉ። የስሌቱ ዘዴና መረጃው በየጊዜው ስለተለወጠ ከቁጥሩ ልዩነት ብቻ ተነሥቶ እርባታው ራሱ ይህን ያህል ተሻሽሏል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሚቴንንም እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቁጠር አይገባም፤ በአየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው፣ በ20 ዓመት ሲለካ ግን የማሞቅ ኃይሉ 80 እጥፍ ይደርሳል። ቶሎ የሚጠፋ ጋዝ መሆኑ እንዲናቅ ምክንያት አይሆንም፤ ልቀቱን ዛሬ የቀነሰ ሰው ውጤቱን በራሱ ዕድሜ ያየዋል ማለት ነው።

«በግጦሽ ያደገ ከሆነ ምንም አይጎዳም» የሚለውን አባባል በየጊዜው እሰማዋለሁ። በግጦሽ ብቻ ያደገ ከብት ለመታረድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲያገሳ ይኖራል፣ አሰር የበዛበት መኖም ሚቴኑን ከፍ ያደርገዋል። በደንብ የተያዘ የግጦሽ መሬት ካርቦን በአፈሩ ውስጥ ማከማቸቱ እውነት ነው፤ ሆኖም አፈሩ ከዓመታት በኋላ ይጠግባል፣ ከብቱ ግን ማግሳቱን አያቆምም። ለግጦሽ የሚሟገቱ ሰዎች ሊያነሷቸው የሚገቡ ሌሎች በቂ ምክንያቶች አሏቸው፤ ሊታረስ የማይችል መሬት ምግብ እንዲሰጥ ማድረጉ አንዱ ነው። «ምንም አይጎዳም» ማለት ግን ከእነዚህ ምክንያቶች ውስጥ አይገባም።

የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። የበሬ ሥጋ መብላቴን ቀንሼ ሳበቃ የጎደለውን በአይብ ሞላሁት፤ ጠዋት አይብ፣ ማታም አይብ፣ በመሐል ቅቤ። አንድ ኪሎ ጠንካራ አይብ ለመሥራት ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ወተት ይፈጃል፤ ያንን ወተት የሰጠችው ላምም እንደ በሬው ታመሰኳለች፣ እንደ በሬው ታገሳለች። በኪሎ ሲታሰብ አይብ ከዶሮ ሥጋ የበለጠ ጋዝ የሚያስከትል መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነበር። በአንጻሩ ወተት መስጠት ካቆሙ ላሞች የሚገኝ ሥጋ፣ ጋዙ ለወተቱም ጭምር ስለሚከፋፈል፣ ለሥጋ ብቻ ከሚረባ ከብት ሥጋ በጣም ያነሰ ሸክም አለው። ሥጋው ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ይህም ወደ ዋናው ብሶቴ ያደርሰኛል።

ዋናው ብሶቴ ጠንካራ ሥጋን በኃይለኛ እሳት አጣድፎ፣ «አልበስል አለ» ብሎ መጣል ነው። አንድ ቀን አንዲት ጀማሪ 4 ኪሎ የሚሆን የወርች ሥጋ ድስት ውስጥ ከትታ፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ክዳኑ እስኪንገጫገጭ ድረስ አፈላችው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሹካ ስትወጋበት ሹካው ተመለሰ። ቆርሳ ቀመሰች፣ አኘከች፣ አኘከች፣ ተፋችው። «ጎማ ነው፣ ሥጋው መጥፎ ነው» ብላ ድስቱን በሙሉ ቆሻሻው ውስጥ ገለበጠችው። እኔ የደረስኩት እንፋሎቱ ከቅርጫቱ ሲነሣ ነበር። ሥጋው ምንም አልነበረውም፤ የጎደለው ትዕግሥት ነበር። ሥጋ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ሥጋው የተሠራባቸው ክሮች እየተኮማተሩ ውኃቸውን ይተፋሉ፤ ክሮቹን አስሮ የያዘው ኮላጅን ደግሞ ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ካልቆየ ቀልጦ ጄላቲን አይሆንም። ስለዚህ የወርችና የፍሪምባ ሥጋ እሳት ላይ በቆየበት በአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያለበት ሁኔታ ከሁሉ የከፋው ነው፦ ውኃው ወጥቷል፣ ማሰሪያው ግን ገና አልቀለጠም። ያ ድስት ተከድኖ በትንሽ እሳት፣ አንዳንድ አረፋ ብቻ ብቅ እያለበት ሌላ ሁለት ሰዓት ቢንተከተክ ኖሮ ሥጋው በማንኪያ ይቆረስ ነበር። ለዚያ ተጨማሪ ጊዜ የሚነደው ጋዝ አንድ ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ አይሞላም። የተደፋው ሥጋ ከላይ በጠቀስሁት አማካይ ሲሰላ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ከ170 ሊትር በላይ ቤንዚን ከማቃጠል ጋር ይስተካከላል። ልጅቷ እሳት ለመቆጠብ ብላ ነበር የቸኮለችው! ነዳጅ መቆጠብ የፈለገ ሰው ድስቱን ይክደን፤ ወይም በውስጡ ያለውን ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ከፍ በማድረግ ሰዓቱን በእጅጉ የሚያሳጥረውን የግፊት ድስት ይጠቀም። በነገራችን ላይ ይህች ልጅ ዛሬ ከእኔ የተሻለች ወርች አብሳይ ናት።

መጥበስን በተመለከተ ሥጋው በመጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ቢጠበስ ቀዳዳው ተደፍኖ ውኃው አይወጣም የሚለው እምነት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስት ከዩስቱስ ፎን ሊቢግ ጀምሮ እየተላለፈ የመጣ ስህተት ነው። የተጠበሰው ገጽ ምንም አይደፍንም፤ በመጥበሻው ላይ የሚሰማው መንጫጫት ራሱ እየወጣ ያለው ውኃ ድምፅ ነው። የምንጠብሰው ለጣዕሙ ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ደግሞ የሥጋው ገጽ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ በመሆኑ፣ ገጹ እርጥብ ከሆነ ወይም መጥበሻው ከተጨናነቀ ሥጋው በራሱ እንፋሎት ይቀቀልና ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ገጹን ማድረቅ፣ መጥበሻውን ማጋል፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመር ይገባል።

ከበሰለ በኋላ በክሩ አቅጣጫ መቁረጥም ለስላሳውን ሥጋ ያጠነክረዋል፤ ክሩን ማቋረጥ ነው።

ልቀትን ወይም ነዳጅን ለመቀነስ ተብሎ ፈጽሞ መነካት የሌለበት ነገር የደኅንነቱ ሙቀት ነው። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ምክንያቱም ሲፈጭ በገጹ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ቁራጭ 63 ዲግሪ ደርሶ ለ3 ደቂቃ ቢያርፍ በቂ ነው። በቀለሙ መፍረድ አይቻልም፤ ቀዩ ፈሳሽ ደም ሳይሆን ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ያቀለመው ውኃ ነው፣ የተፈጨ ሥጋም ሳይበስል ቡናማ ሊመስል ይችላል። ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትር የሌለው ወጥ ቤት ሥጋውን ወይ ሳያበስል ያቀርባል ወይ አድርቆ ይጥለዋል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። በረዶ የሆነውንም ሥጋ ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ማሟሟት አይገባም፤ በማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ፈሳሹ በሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጎድጓዳ ዕቃ ተደርጎ ይሟሟ።

የተረፈውን በተመለከተ ስህተቱ ድስቱን እንዳለ፣ እንደ ሞቀ፣ እንደ ሞላ ማስቀመጥ ነው። ጥልቅ ድስት መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ሰዓት ባክቴሪያው ይራባል፣ በማግስቱም ሁሉም ይደፋል። ጠፍጣፋ በሆኑ ዕቃዎች ከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት፣ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መጨረስ፣ የማያልቅ ከመሰለ ቀኑን ጽፎ በረዶ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ቀኑን መጻፍ የሚለውን ለሰው ሁሉ ስናገር ቆይቼ፣ ባለፈው ወር የራሴን ማቀዝቀዣ ሳጸዳ ከታች ጥግ ላይ በበረዶ ተውጦ፣ ምን እንደሆነና መቼ እንደገባ ያልተጻፈበት አንድ ጥቅል አገኘሁ። መረቅ መስሎኝ አሟሟሁት፤ የፍሪምባ ሥጋ ነበር፣ ገጹ ደርቆ ነጣ ያለ። ያን ቀን 4 ሰዓት ሙሉ በትንሽ እሳት አንተከተክሁትና ከነመረቁ በላነው።