ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ፦ ከሰሜን ሸዋ ለምትነሱ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። የእህቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት፣ የጎረቤታችን ልጅ ከመሐል ሜዳ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የቱን ልሙላ?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። «እዚያ ስትገቡ ኮምፒዩተሩን በእጃችሁ የምትነኩት በሳምንት ስንት ሰዓት ነው?» ብዙዎቹ ይህን አስበውት አያውቁም።

መጀመሪያ ግን ይህን እወቁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትመደቡ ገና ኮምፒዩተር ሳይንስ አልገባችሁም። ፍሬሽማን (የመጀመሪያውን ዓመት) ተምራችሁ፣ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ነው ዲፓርትመንት (የትምህርት ክፍል) የሚደርሳችሁ። ስሙ የገነነ ግቢ ገብቶ የፈለጉትን ማጣት አለ። የዶርም ጓደኛዬ ኮምፒዩተር ሳይንስ ብሎ ነበር የመጣው፣ ነጥቡ መጥፎ አልነበረም፣ ግን ከእሱ የሚበልጡት በዙና ያላሰበው ትምህርት ደረሰው። ስለዚህ ግቢውን ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ፦ አምና ዲፓርትመንቱ ስንት ተማሪ ወሰደ? በስንት ነጥብ ተዘጋ?

የትምህርቱን ስምም ለዩ። ኮምፒዩተር ሳይንስ ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ የምታገኙት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው፣ እሱ 5 ዓመት ይፈጃል። እዚያና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመግባት የራሳቸውን ፈተና መውሰድ አለባችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። የምዝገባው ቀን እንዳያመልጣችሁ፣ ገጠር ላለ ልጅ ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

አሁን ወደ ላብ፣ ማለትም ወደ ኮምፒዩተር መለማመጃው ክፍል። እኔ የተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቅር) ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ስንማር ለሦስት አንድ ኮምፒዩተር ነበር። ኪቦርዱን የሚይዘው ፈጣኑ ልጅ ነው። እኔ በትከሻው ላይ አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፣ ፈተናውንም በወረቀት እጽፋለሁ። ሴሚስተሩን ቢ አምጥቼ አለፍኩ፣ ግን አንድም ፕሮግራም በገዛ እጄ አስነስቼ አላውቅም ነበር! በኋላ አጎቴ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ያስለቀሰኝ ከአንድ መስመር መጨረሻ የተረሳች ሴሚኮለን (;) ናት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኳት። ትምህርቱ ለእኔ የተጀመረው ያን ሌሊት ነው።

ስለዚህ ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት የምትችሉትን ግቢ በአካል እዩ። ለእኛ የሚቀርበው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኮምፒዩተር ሳይንስም አለው። በሩ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ በሉና የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ፣ ፍሬሽ ገና አያውቅም። ስንት ኮምፒዩተር ይሠራል በሉ፣ ስንት አለ አትበሉ። ቅዳሜ የላቡን ቁልፍ ማን ይይዛል? ኢንተርኔቱ ዶርም ይደርሳል? የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ምንድን ነው፣ ኮዱን ታሳዩኛላችሁ? ይህን የመጨረሻውን በደስታ የሚያሳይ ልጅ ካጋጠማችሁ ግቢው ደህና ነው ማለት ነው። ሩቅ ላለው፣ ለባሕር ዳር፣ ለጎንደር፣ ለጅማ፣ እዚያ የሚማር የሰፈር ልጅ ፈልጋችሁ በቴሌግራም ያንኑ ጠይቁ።

ኤክዚት ፈተናንም (የመውጫ ፈተናውን) አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ የግሉም የመንግሥቱም። ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ ሁሉም ይመጣል። የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች አምና ስንቱ አለፉ? ይህን መመለስ የማይፈልግ ቢሮ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ዕውቅናው የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው፣ ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ደብዳቤ አሳዩን በሉ፣ ካምፓሱና ዓመቱ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ግን ኮሌጁ አዲስ አበባ ከሆነ ከክፍያው ሌላ የቤት ኪራይ አለ፣ የመንግሥቱ ግን ዶርምና ምግብ በወጪ መጋራት ይሰጣል።

እኔ ብጠየቅ፣ ሁለት ግቢ በላብም በመምህርም ከተቀራረቡ ለቤት የሚቀርበውን እመርጣለሁ። በትራንስፖርት የሚተርፈውን ብር አጠራቅሙና ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ፣ 8 ጂቢ ራም ያለው፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው) የሆነ፣ ከዚያ በላይ ለጊዜው አያስፈልግም። ወላጆች ላፕቶፕ ለሁለተኛ ዓመት ይደርሳል ይላሉ፣ አይሆንም፣ ፍሬሽማን ላይ ነው እጅ የሚፍታታው። ከቆላው ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የምትወጡ ደግሞ ጋቢ ያዙ፣ በኅዳር ሌሊት ኪቦርድ ላይ ጣት ይደርቃል።