በልክዎ የተሰፋ ሕክምና እንዴት ያገኛሉ?

እናቴ የደም ግፊት ኪኒን ከጀመረች በኋላ ደረቅ ሳል ለወራት እንቅልፍ ነሳት። ሽሮፕ ጠጣች፣ አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ የደረት ራጅ ተነሣች፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ኪኒኑ ኢናላፕሪል ነበር፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ሎሳርታን በተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ተቀየረላትና በሳምንታት ውስጥ ሳሉ ለቀቃት። ኢናላፕሪል ለብዙዎች በደንብ ይሠራል፤ ለእሷ ግን አልሆነም።

ሐኪም ይህን እንዲያይ መረጃው እጁ ላይ መኖር አለበት። የመረጃው ትልቁ ክፍል ያለው ደግሞ እርስዎ ጋ ነው።

1. የሚወስዱትን ሁሉ ይጻፉ። ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ ሰዓቱን። ያለ ማዘዣ የገዙትን ማስታገሻ፣ ቫይታሚንና ባህላዊ መድኃኒት አይተዉ፤ ለምሳሌ አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ እውነተኛ አወሳሰድዎን ይናገሩ። «በየቀኑ ተብያለሁ፤ ግን ስለሚያዞረኝ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምወስደው» ማለት አያሳፍርም። ካልነገሩት ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምርልዎታል።

2. የቤተሰብዎን ሕመም ከነዕድሜው ይያዙ። «አባቴ ካንሰር ነበረበት» አይበቃም፤ የምኑ? በስንት ዓመቱ? ወላጅ ወይም ወንድም፣ እህት በ45 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከተገኘበት፣ የእርስዎ ምርመራ ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ፣ በ35 እንዲጀመር ይመከራል።

3. «አለርጂ አለብኝ» ካሉ ምን እንደሆነ ይግለጹ። ሽፍታ? የትንፋሽ መቆራረጥ? ወይስ ማቅለሽለሽ ብቻ? የፔኒሲሊን አለርጂ አለባቸው ከተባሉት ሰዎች አብዛኞቹ በባለሙያ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ እንደሚችሉ ይታያል። ቤት ውስጥ ግን በጭራሽ አይሞክሩት።

4. የደም ግፊትዎን ቤት ይለኩ። ሐኪም ፊት ሲሆኑ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትክክል ይሁን። ክንድ ላይ የሚታሰረው መጠቅለያ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ጠዋትና ማታ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይለኩና ሁሉንም ይጻፉ። ቆንጆውን ቁጥር ብቻ መርጦ መጻፍ ራስን መጉዳት ነው።

5. እነዚህን ይጠይቁ። «ይህ ለእኔ ለምን ተመረጠ? ከኩላሊቴ አቅም ጋር ይስማማል? መሥራቱን በምንና መቼ እናውቃለን?» የኩላሊት ጥያቄ ቅንጦት አይደለም፤ ለምሳሌ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን የኩላሊት ሥራ ሲቀንስ መጠኑ ይቀነሳል፣ ሲብስም ይቆማል። የሚያሳስብዎትንም ይናገሩ። የስኳር ሕመም ላለባቸው ብዙ አዋቂዎች የኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ ምርመራ) ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ አቅማቸው ለደከመና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋዊ ግን ስኳር ድንገት መውረዱ የበለጠ አደገኛ ስለሆነ ግቡ ሊላላ ይችላል። ብቻዎን እንደሚኖሩ ካልተናገሩ ማን ያውቃል?

6. የዘር (የጂን) ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም፤ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን ሕይወት ያድናል። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም በአንዳንዶች ላይ ስለማይሠራ መድኃኒቱ አያሽላቸውም፤ በሌሎች ላይ እጅግ ስለሚፈጥን ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ቶንሲላቸው ወጥቶ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲላቸው ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ የሚል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል።

7. ካልተስማማዎት በራስዎ አያቋርጡ፤ ደውለው ይንገሩ። አንዳንድ መድኃኒት ድንገት ሲቆም የባሰ ነገር ያመጣል። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እናቴ አሁን ወረቀቷን አጥፋ የመነጽሯ ቤት ውስጥ ትይዛለች። ከላይ በትልቁ የተጻፈው «ኢናላፕሪል፦ ያስለኛል» የሚል ነው።