የፓራውልት ጭረት፦ ወደ ቀለም ቤት ከመሄድዎ በፊት

እህቴ የቪትዟን የኋላ ፓራውልት የግቢ በር ቋሚ አስነክታ መጣች። ጥጉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ጭረት ነበረበት። ያየው ሁሉ «ሙሉውን ማስቀባት ነው» ብሏታል። ነጭ ጋዝ ባስነካሁት ጨርቅ ትንሽ ሳሸው ቢጫው ጨርቁ ላይ ቀረ፤ የመኪናዋ ቀለም ከስሩ ደህና ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ ችግሩን መለየት የምለው።

ቦታውን በሳሙናና በውሃ በደንብ ይጠቡት። አሸዋ ከቀረ ማሸቱ ራሱ ሌላ ጭረት ያመጣል። ከዚያ ጥፍርዎን ጭረቱን አቋርጠው ይጎትቱት።

ጥፍር አይገባም፤ የሌላ ቀለም ይታያል
የግድግዳው፣ የበሩ ወይም የሌላው መኪና ቀለም ላዩ ላይ ተለጥፏል። በነጭ ጋዝ ቀስ ብለው ይሹትና በሳሙና ይጠቡት። ቲነርና አሴቶን አይጠቀሙ፤ በተለይ ፓራውልቱ ቀድሞ ተቀብቶ ከሆነ የራሱን ቀለም ይዘው ሊነሱ ይችላሉ።

ነጣ ያለ ጭረት፤ ውሃ ሲነካው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል
የተጫረው ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈው መከላከያ ሽፋን ብቻ ነው። በእጅ የሚድን ጉዳት ማለት ይሄ ነው። ኮምፓውንድ (ላዩን በጥቂቱ እየፋቀ ጭረት የሚያጠፋ ቅባት) በማይክሮፋይበር ጨርቅ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይሹ፣ ይጥረጉ፣ ብርሃን ላይ ይዩት። ካልለቀቀ ባለ 2000 ቁጥር፣ በጣም ልም የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ሳይጫኑ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያስኪዱት፤ ቀጥሎ ባለ 3000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽ፣ በመጨረሻ ሰም። ወረቀቱ ስር የሚወጣው ውሃ ወተት መምሰል አለበት። የመኪናው ቀለም ከታየበት ክሊሩ አልቋልና እዚያው ያቁሙ። ክሊሩ ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የፓራውልቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ክሊር የሌለው የድሮ ነጭ ወይም ቀይ መኪና ከሆነ ግን ጨርቁ ቀለም መያዙ አያስደንግጥዎ።

የፖሊሽ ማሽን ከነካው በኋላ ደበዘዘ ወይም ተላጠ
ሙቀት ነው። ላሜራ ሙቀቱን ዙሪያውን ያሰራጨዋል፤ ፕላስቲክ ግን አንድ ቦታ ላይ ይዞት ይቆያል። ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ማሽኑን አንድ ቦታ አያቁሙ፣ በየመሃሉ በእጅዎ ይንኩት። ጠርዙን በእጅ ይሥሩት። የተላጠውን ክሊር ግን ፖሊሽ አይመልሰውም፤ መቀባት አለበት።

ጥፍር ይይዛል፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ይታያል
ጭረቱ ፕራይመሩን (ቀለሙ እንዲይዝ ከስሩ የሚቀባውን) ወይም ፕላስቲኩን አግኝቷል። ፖሊሽ ጉድጓድ አይሞላም፤ ባሹት ቁጥር ዙሪያውን ያሳሳሉ። ለትንሿ ጭረት በመኪናው የቀለም ኮድ የተበጠበጠ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ማስነካት ይበቃል። ሰፊ ከሆነ ያስቀቡት፤ ግን ሠራተኛውን ሁለት ነገር ይጠይቁት። ስቱኮው (ጉድጓድ መሙያው) ለፕላስቲክ የሚሆን ነው? የላሜራው ስቱኮ ፓራውልቱ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ ፕራይመርስ ይቀባል? የፓራውልቱን ውስጠኛ ጎን ቢያዩት ብዙ ጊዜ «ፒፒ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ታትመውበታል፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፣ ቀለም በቀላሉ የማይይዝ ፕላስቲክ። ያለ ፕራይመሩ የተቀባው ቀለም በኋላ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ያልተቀባው ሸካራ ጥቁር ፕላስቲክ ተጫረ
ኮምፓውንድም ሰምም አያስጠጉበት፤ ነጭ ሆኖ ሸካራው ውስጥ ይቀራል።