ጉምሩክ የያዘው የኤርሶፍት በርሜል እንዴት ተለቀቀ

ለኤርሶፍት፣ ማለትም ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት ለሚተኩስ የጠመንጃ አምሳያ፣ በርሜል (ጥይቱ የሚወጣበትን ቱቦ) አዝዤ ነበር። ሻጩ ደረሰኙ ላይ «የጠመንጃ መለዋወጫ» ብሎ ላከው፣ ጉምሩክም ያዘው። አይፈረድባቸውም፤ በኤክስሬይ ሲታይ ያው የብረት ቱቦ ነው።

ያስለቀቀው ወረቀት ነው። ሻጩን አዲስ ደረሰኝ አስጻፍኩት፦ «የኤርሶፍት ውስጠኛ በርሜል፣ ናስ፣ የውስጥ ስፋት 6.03 ሚሊ ሜትር፣ ለ6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ጥይት ብቻ»። ፎቶ፣ የምርቱን መግለጫና የክፍያ ማስረጃ አያያዝኩበት። የታሪፍ ቁጥሩንም ጠቀስኩ፤ በአየር፣ በጋዝና በስፕሪንግ የሚተኩሱት 9304 ውስጥ ናቸው፣ መለዋወጫቸው ደግሞ 9305። ቀረጡን ከፍዬ ወሰድኩት።

«መጫወቻ በለውና ይለፍ» የሚሏችሁን አትስሙ፤ የሐሰት ዲክላራሲዮን መዘዙ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ሪሲቨር (የውስጥ ክፍሎቹን የሚይዘውን የመሣሪያውን ቀፎ) የምታዝዙ ከሆነ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ፣ ምክንያቱም ቁርጥ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስለው ክፍል ከጊርና ከስፕሪንግ ይልቅ ጥያቄ ያስነሳል።